ከካውያ የወጣው ካንዴላ

ዘሀራዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። በየጁምዓው ቀብርሽ ዘንድ ቆሜ የምልሽን ሰላምታ ዛሬ በወረቀት አድርጌዋለሁ። ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሞላ። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ወሬ ጠፍቶ አይደለም። ያለኝ ወሬ ሁሉ ሐዘን ነበረ፤ አንቺ ደግሞ ልቅሶ ቤት እንኳ ገብተሽ ወንበሩ ሳይሞቅ የምትነሺ ሴት ነበርሽ። አሁን ግን ደስ የሚል ነገር ይዣለሁ። መጨረሻውን አስቀድሜ አልነግርሽም፤ ጨዋታን ከጭራው የሚጀምር ሰው እንዴት እንደሚያናድድሽ አውቃለሁ። በተራው ልንገርሽ።

የቤቱን ላስቀድም። ልጃችን ሀያት ባለፈው ዓመት ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙ ሙባረክ ነው። አገጩ ያንቺ ነው፤ ጩኸቱን ከማን እንደወሰደው ግን አላህ ይወቅ። ባሏ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደቡ ላይ ስለሚሠራ ሳምንቱን እዚያው ያሳልፋል፤ እሷ ከነልጇ እዚህ ደሴ፣ ሆጤ እኔ ዘንድ ገብታለች። ሰኞ ገበያ ያለው የስፌት ሱቄም አለ። ተሰፍቶ የሚመጣው ልብስ ገበያውን ቢያጥለቀልቀውም ሱሪ አሳጥርልኝ የሚል ሰው አይጠፋም። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፍርቶ የሰፈሩ ልጆች ሳይበስል ጨረሱት። አልተቆጣሁም፤ አንቺም አትቆጪም ነበር።

ከሁሉ አስቀድመሽ የምትጠይቂኝ ስለዚያ ብረት መጥረቢያ ማሽንሽ፣ ስለ ቶርኖሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ደህና ነው። በመጨረሻው ሰሞን አልጋ ላይ ሆነሽ ስለ ሌላው ብዙም አልተናገርሽም፤ «ቶርኖውን ዘይት ቀባልኝ፣ ዝገት እንዳይበላው» ነበር ያልሽኝ። እኔም በየሳምንቱ ያቺን ጠባብ ክፍል እየከፈትኩ ቀባሁት። ሌላው ባል የሚስቱን ፎቶግራፍ ያያል፤ እኔ ብረት በጨርቅ ሳሽ ከረምኩ።

እኔንና አንቺን ያገናኘንስ ቶርኖ አይደል? ሱቄ የመጣሽበት ቀን ትዝ ይለኛል። የፋብሪካ ቱታ ይዘሽ ገባሽና «እጅጌውን ከክርን በላይ ቁረጥልኝ» አልሽኝ። ሴት ልጅ እጅጌ አስረዝምልኝ ስትል እንጂ ቁረጥልኝ ስትል ሰምቼ ስለማላውቅ ከስፌት መኪናዬ ቀና ብዬ አየሁሽ። «ከሥሩ ጠበቅ ያለ ሹራብ እለብሳለሁ። ቶርኖ ላይ ነው የምሠራው። የሚሽከረከር ብረት እጅጌ ከያዘ እጅም ይከተላል» አልሽኝ። ኪሱንም አስነቀልሽኝ። ያን ቀን መቀሱን ሦስት ጊዜ አንስቼ ሦስት ጊዜ አስቀመጥኩት፤ ቶሎ ቆርጬ ከሰጠሁሽ ቶሎ ትሄጃለሽ ብዬ ነው። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አሁን ስለማትስቂብኝ ነገርኩሽ።

ሃያ ስድስት ዓመት በኮምቦልቻው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌላ ማሽን ጥርስ ስታወጪ ኖርሽ። ጡረታ ስትወጪ ፋብሪካው የጣለውን ትንሽ ቶርኖ ለምነሽ አገኘሽ፤ አስተማሪሽ አያ ይመር በፒካፕ አስጭኖ የሀረጎን ዳገት ሽቅብ አወጣልሽ። ምን ልትሠሪበት ነው ብዬ ስጠይቅሽ ሞተር አልሽኝ። የማን ሞተር? ስልሽ፣ «የራሴ። ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ቅንጥብጣቢ ስጠርብ ኖርኩ፤ አንድ ሙሉ ነገር ከእጄ ይውጣ» አልሽኝ። የተጣለ የሞተር ሳይክል ፒስተን አቅልጠሽ፣ ጠርበሽ፣ ሞርደሽ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ በአንድ መዳፍ የምትያዝ ሞተር ሠራሽ። ቤንዚን ጠጥታ ግቢያችን ውስጥ ስትንጣጣ የጎረቤት ዶሮ ሁሉ አጥር ዘለለ። እኔ መጀመሪያ የፈራሁ መስዬ፣ ኋላ ግን የማላውቀውን ሰው ሁሉ ጎትቼ እያመጣሁ አሳየሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያንቺ አልነበረም። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ። የጥፍር ያህል ናት፤ ለእንዲህ ያለች ትንሽ ሞተር የሚሆን እዚህ አገር አይሸጥም። አንድ የሙያ አስተማሪ ከውጭ ሲመለስ ይዞልሽ የመጣ ነበር። ሞተሯን ለሰው ስታሳዪ ሁልጊዜ «ከካንዴላው በቀር» ትዪ ነበር።

ያን የኮምቦልቻውን ቀን ደግመን ሳናነሳው ተለያየን። ዛሬ ላንሳው። በሙያ ማሠልጠኛው ግቢ የእጅ ሥራ የሚታይበት ቀን ነበር። ሰማያዊ ሻሽሽን አድርገሽ፣ ሞተሯን ጠረጴዛ ላይ አስረሽ፣ ገመዱን ሳብሽ። አልተነሳችም። ደግመሽ ሳብሽ። ሃያ ጊዜ ይሆናል፤ እኔ ቆጠራውን ትቼ የላብሽን ጠብታ አይ ነበር። ሥራውን ሲመዝን የነበረው ኢንጂነር ሰዓቱን አየና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እየዞረ «ለጌጥ ግን ታምራለች» አለ። ሰውም ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ቢሆንም ሳቅ ነበር። ሞተሯን ዘንቢል ውስጥ ከተትሽ፣ በሻሽ ሸፈንሻት፣ ሚኒባስ ውስጥ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ሀረጎን እስክንጨርስ ቃል አልተነፈስሽም። ደሴ ስንገባ «የኔ ያልሆነው እሱ ብቻ ነበር፤ እሱው አዋረደኝ» አልሽ።

እቤት ገብተሽ በአጉሊ መነጽር ስታዪው ነጩ ሸክላ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አገኘሽ። እኔ ያኔ ካንዴላ ምን እንደሚሠራ እንኳ አላውቅም። አንቺ ነሽ በኔ ቋንቋ ያስረዳሽኝ። መሃሉ ላይ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት ዘንግ አለ፣ ዙሪያውን የብረት ሸሚዝ አለ፤ በሁለቱ መካከል ደህና ገበር ካልገባ ኤሌክትሪኩ ጫፉ ጋ ደርሶ ብልጭ ሳይል በጎን ይሾልካል አልሽኝ። «ብረቱን እኔ አውቅበታለሁ፤ ያስቸገረኝ ገበሩ ነው።»

አራት ካንዴላ ሠራሽ። የመጀመሪያው ገበር ከመኪና ካንዴላ ሸክላ የተሞረደ ነበር፤ ሲጠብቅ ፍርክስ አለ። ሁለተኛው ጠንካራ ማጣበቂያ ነበር፤ ሲሞቅ አለቀሰ። ሦስተኛውና አራተኛው ምን እንደነበሩ ደብተርሽ ላይ ጽፈሻል፤ ከሥሩ ደግሞ «አልሆነም» የሚል ብቻ አለ። አምስተኛውን ሳትጀምሪ ሕመሙ ጣለሽ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ያለው የማታውቂው ነው።

ሀያት ከነልጇ ስትመጣ ቤቱ ጠበበ። አንድ ቀን እራት ላይ በትሕትና ጀመረችኝ። «አባ፣ የእማን ክፍል ለልጁ ባዘጋጀው ምን ይመስልሃል? ቶርኖው ለሚሠራበት ሰው ቢሰጥ እሷም ደስ የሚላት ይመስለኛል።» ስህተት አልተናገረችም። እኔ ግን ሳላስበው «እናትሽን ያዋረዳትን ካንዴላ ሳልሠራ አይወጣም» አልኳት። ጉርሻዋን ይዛ አየችኝ። «አባ፣ አንተ እኮ ልብስ ሰፊ ነህ።» እስቲ እስከሚቀጥለው የኮምቦልቻ የእጅ ሥራ ቀን ድረስ ታገሺኝ፤ ያን ቀን ካልተነሳች ቶርኖውን ራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ አልኳት። ተስማማች። ዘጠኝ ወር ነበረኝ።

አያ ይመር ዘንድ ወረድኩ። ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር ያቺው ቤቱ ውስጥ ነው፤ ጉልበቱ ቢደክምም ምላሱ እንዳለ አለ። የመጣሁበትን ስነግረው «ያቺን ልጅ ካንዴላ ፋብሪካ እንጂ ሰው አይሠራውም ብያት ነበር። አንተንም እንደዚያው ነው የምልህ» አለኝ። «አያ ይመር፣ ይሁን፤ እኔ ግን አልሆን ሲል በዓይኔ ልየው» አልኩት። እጄን ያዘና ገልብጦ አየው። «መርፌ የለመደ እጅ ብረት ይፈራል። እሁድ እሁድ ና» አለኝ።

ወላሂ ዘሀራዬ፣ እንዴት ያለ ሥራ ስትሠሪ እንደኖርሽ ያኔ ነው የገባኝ። የሸሚዜን እጅጌ ሱቄ ውስጥ በገዛ መቀሴ ከክርን በላይ ቆረጥኩና እሁድ በእሱ ቶርኖ፣ በሌላው ቀን ማታ ባንቺው ላይ ጀመርኩ። ብረት እንደ ጨርቅ አይታጠፍልሽም፣ አንዴ ከልክ በላይ ከተቆረጠም አይጣፍም። የካንዴላው ጥርስ ከሞተሯ ጭንቅላት ጋር ልክ እንዲገባ አራት የብረት ሸሚዝ አበላሸሁ። በአምስተኛው አያ ይመር አጠገቤ ቆሞ «አትግፋው፤ እሱ ይምጣልህ» እያለ፣ እንደ አሮጌ በቅሎ እየተጎተትኩ አወጣሁት። ጭንቅላቷ ላይ በጣቴ ሳዞረው ሰተት ብሎ ገባ። አያ ይመር ወደ ጓዳ ዞሮ «ለሰይድ ሻይ አምጡለት» አለ። አራት ወር ሙሉ እዚያ ቤት ሻይ ቀምሼ አላውቅም ነበር።

ገበሩ ግን እንዳስቸገረ ቀረ። እኔም አንቺ ያለፍሽበትን በር ሁሉ አንኳኳሁ። ያው ነው። አያ ይመር አንድ ቀን «ብልጭታውን ተወው፤ ካንዴሌታ እናድርገው» አለኝ። የናፍጣ መኪና ጠዋት ጠዋት የሚሞቅባትን ታውቂያታለሽ፤ ብልጭታ የላትም፣ በባትሪ የሚግል ጥምዝ ሽቦ ናት። ባትሪው ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ለገበር ቀላል ነገር ይበቃታል። ችግሩ ሽቦው ነው፤ ከፀጉር ትንሽ ወፈር ያለውን ሽቦ በሩዝ ፍሬ ልክ መጠምዘዝ። አያ ይመር ሁለት ጊዜ ሞክሮ በጠሰው። እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ የእጅ መርፌ አወጣሁና ሰባት ዙር ጠመጠምኩት። ዙሩ ከዙሩ ሳይነካ፣ ልክ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ስፌት። መነጽሩን አድርጎ አየና «ማሻአላህ» አለ። ለካ ለእኔም የተረፈ ሥራ ነበር።

ባትሪ ስንሰጣት በቀን ብርሃን እንደ ፍም ቀላች። ሞተሯ ላይ አስገባናት። ገመድ ስስብ ሦስት ጊዜ ሳለች። ከዚያ በራሷ ሙቀት መቀጠል ሲገባት፣ ባትሪውን ስንነቅል ዝም አለች። ደግመን ደጋግመን ሞከርን፤ ያው ሦስት ሳል ነው። ኋላ የማሠልጠኛው አንድ አስተማሪ እንደነገረኝ ለእንዲህ ያለ ሞተር የሚሆነው ሽቦ ፕላቲኒየም የሚባል ውድ ብረት ነው፤ ቤንዚንም አይስማማትም፣ ሌላ ዓይነት አልኮል ነው የምትጠጣው። የእኔ ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃ የወጣ ተራ ሽቦ ነው። ያን ቀን ሀረጎን ሽቅብ ስመለስ ቃል አልተነፈስኩም። በነጋታው ሀያት የክፍሉን ወርድ በእርምጃ ስትለካ አየኋት።

ሁለት ወር ሲቀረኝ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። አሮጌው ካውያዬ ሱቅ ውስጥ ሙቀት እንቢ አለኝ። ስንቴ ከፍቼ እንደጠገንኩት ታውቂያለሽ። ፈታሁትና የሚግለውን ሽቦ አወጣሁ፤ ሽቦው በሁለት ሚካ መካከል ነው የሚተኛው። ሚካ ያው እንደ መስተዋት የሚያሳልፈው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ በገጽ የሚገለጠው ነገር ነው። ጣቴ ላይ አድርጌ ቀረሁ። ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ የጋለ ሽቦ አቅፎ ይውላል፣ አይቃጠልም። ከሽቦው በታች ያለውን ብረት በእጄ እየነካሁ ሠላሳ ዓመት ተኩሻለሁ፣ አንድ ቀን ኤሌክትሪክ አልያዘኝም። አንቺ ስትፈልጊው የኖርሽው ገበር እኔ ዘንድ፣ ከእጄ ሥር ነበር። ደንበኛ ቆሞ ሱሪውን ሲጠብቅ አይቶኝ «ሰይድ፣ አመመህ እንዴ?» አለኝ። አላመመኝም። አንቺን ልጠራሽ አፌን ከፍቼ ነበር።

ለአያ ይመር ደወልኩ። «የድሮ ሰዎች በሚካ ይሠሩ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ አላየሁም። ሞክረው» አለኝ።

ሚካውን መጀመሪያ ዘንጉ ላይ እንደ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ከዚያ መሃሉ ቀዳዳ ያለው እንደ ሳንቲም የተከበበ ቁራጭ እየደረደርኩ ዘንጉ ላይ መሰካት ነበረብኝ። ሚካ ግን ስትበሺው ይፈረፈራል። እሱንም በሙያዬ ወጣሁት። ለሸሚዝ ኮሌታ የምናስገባው ደረቅ ጨርቅ አለ አይደል? ሚካውን በሁለት እሱ መካከል አድርጌ ለቀበቶ ቀዳዳ በምመታበት መምቻ ስመታው ጥርት ብሎ ወጣ። መቶ አሥራ ሁለት ቁራጭ ቆረጥኩ። ሁሉንም ዘንጉ ላይ ደርድሬ ጫፉን በዳዶ አጠበቅሁ። በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩት፤ ነጭ ብርማ ሆኖ ወጣ፤ ከውጭ የመጣውን አስናቀ።

ኤሌክትሪክ ከሚያጎለብት የባጃጅ ቦቢና ጋር አገናኝቼ ስሞክረው ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። ሀያትን ጠራኋት። አየችና «አባ፣ እሳት!» አለች። ሞተሯ ውስጥ ሳስገባው ግን ጸጥ አለ።

ይህ ሳምንት ከሁሉ የከፋው ነበር። እጄ ላይ ይበራል፣ ውስጥ ሲገባ ይሞታል። አያ ይመር ዘንድ ይዤው ወረድኩ። አየውና «በአየር ላይ የሚዘል ሁሉ ታፍኖ አይዘልም። ፒስተኗ ስታፍነው መንገዱ ይከብደዋል፤ ቀላል መንገድ ሲያገኝ በዚያ ይሾልካል። ድርድሩ ላላ ብሏል፤ ደግሞም እጅህ ዘይት ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። የስፌት መኪና ዘይት ከጣቴ ወጥቶ አያውቅም። ፈታሁት። ለሶላት እንደሚዘጋጅ ሰው እጄን ታጥቤ፣ ሚካውን በንጹህ ጨርቅ እንጂ በጣቴ ሳልነካ እንደገና ደረደርኩ። በጋለ ካውያ ላይ አሞቅሁት፣ አጠበቅሁት፣ ደግሜ አሞቅሁት፣ ደግሜ አጠበቅሁት። መቶ አሥራ ሁለት የነበረው ድርድር ተጨምቆ ቦታ ስለተረፈ አሥራ አራት ቁራጭ ጨመርኩበት። የጫፉን ክፍተት አጥብቤ በእጅ መርፌ ውፍረት ለካሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ አሰርኳት። ሀያት ሙባረክን አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ገመዱን ጠመጠምኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ ሳብኩ። ምንም። ደግሜ ሳብኩ። ሳለች። በሦስተኛው ተነሳች።

ዘሀራዬ፣ ተነሳች። ያው ድምፅ ነው። ያው የጎረቤት ዶሮ አጥር ዘለለ። ሙባረክ መጀመሪያ ሊያለቅስ ከንፈሩን ጣለ፣ ከዚያ የእናቱን ፊት አይቶ ተወው። ሀያት እያለቀሰች ነበር። ሞተሯ ቤንዚኗን ጨርሳ ስትቆም ሀያት አጠገቤ መጥታ «አባ፣ የሙባረክ አልጋ እኔ ክፍል ይበቃዋል» አለችኝ። ስለ ቶርኖው ከዚያ ወዲያ ተነጋግረን አናውቅም።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ይበቃሽ ነበር፤ ለእኔ ግን አልበቃኝም። ያ ሰውዬ የተናገረው ቃል ያለ መልስ ቀርቶ ነበር።

በእጅ ሥራው ቀን ሞተሯን በዚያው ዘንቢል ይዤ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አያ ይመር በከዘራ እየተደገፈ መጣ። ጠረጴዛ ሰጡኝ፤ ካርድ ላይ ስም ጻፍ ሲሉኝ «ሞተር» ብዬ ብቻ ጻፍኩ። ያው ኢንጂነር ነው የመጣው፤ ፀጉሩ ትንሽ ነጣ ከማለቱ በቀር ያው ነው። ገመዱን ጠመጠምኩ። ሳብኩ፣ አልተነሳችም። ደግሜ ሳብኩ፣ አልተነሳችም። ሰባት ጊዜ ሳብኩ። ሰዓቱን ሲያይ አየሁት። ያን ጊዜ የቤንዚኑ ሽታ ሸተተኝ፤ በጭንቀት ብዙ አጠጥቻት ካንዴላው ርሶ ነበር። «አንድ ደቂቃ» አልኩት። ፈታሁት፣ በሸሚዜ ጫፍ አደረቅሁት፣ እፍ አልኩበት፣ መልሼ አጠበቅሁት። ሰውዬው ቆመ፤ ምስጋና ይግባውና አልሄደም።

በሚቀጥለው ስስብ የጠረጴዛው እግር ተንቀጠቀጠ። ድምፅዋ በግቢው ግድግዳ ላይ ተመልሶ መጣ። በሌላው ጠረጴዛ የነበረው ሰው ሁሉ ሥራውን ትቶ እኛ ዘንድ ተኮለኮለ። አያ ይመር ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ቤንዚኗ እስኪያልቅ ድረስ ማንም ቢናገር አይሰማም ነበር።

ኢንጂነሩ ካንዴላውን አየና ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀኝ። እኔ ሠራሁት አልኩት። ገበሩስ? ከካውያ አልኩት። ሳቀና፣ ቀልድ እንዳልሆነ ሲገባው ሳቁን ተወ። ፈትቼ አሳየሁት። «ሞተሩንም አንተ ነህ የሠራኸው?» ሲለኝ፣ ስጠብቀው የኖርኩት ጥያቄ እሱ ነበር። «ሞተሩን የሠራችው ባለቤቴ ናት። ዘሀራ ትባላለች። እዚሁ ቆማ ለጌጥ ግን ታምራለች ብለሃት ነበር» አልኩት።

አላስታወሰም። ቤታችን ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ የኖረው ቃል ከሱ ዘንድ አንድ ቀን እንኳ አላደረም። መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ከዚያ አዘንኩለት። እሱ ግን ፊቱ ተለወጠ። «የት አለች?» አለኝ። ነገርኩት። ከኪሱ ብዕር አወጣና ካርዱን ገለበጠው። የአባትሽንና የአያትሽን ስም ጠየቀኝ። በገዛ እጁ ጻፈ፤ ዘሀራ ብሎ ከነአባትሽ፣ ከሥሩ «ሞተሩን የሠራች» ብሎ። ከዚያ ብዕሩን ለእኔ ሰጠኝ። የእኔን ስም ዝቅ አድርጌ፣ አነስ አድርጌ ጻፍኩ። «ካንዴላውን» ብቻ።

ካርዱ ቀኑን ሙሉ እዚያ ዋለ። ሰው ሁሉ እያጎነበሰ ስምሽን አነበበ። ከፋብሪካሽ የመጡ የፈትል ክፍል ሴቶች ስምሽን አይተው ተጠራርተው መጡ፤ አንዷ ሻሽዋን ዓይኗ ላይ አድርጋ «አስተምራኝ ነበር» አለችኝ። ምን እንዳስተማርሻት አልጠየቅኋትም። ሞተሯን ስድስት ጊዜ አስነሳሁ። አንድ ጊዜም አላሳፈረችኝም። አያ ይመር ልንሄድ ስንል ከዘራውን ተደግፎ ቆመና «ሰይድ፣ ካንዴላ ሰው ይሠራዋል። ለሷም ይኸው ብያለሁ በላት» አለኝ። ይኸው አደረስኩልሽ።

ካርዱ አሁን ከቶርኖው በላይ ግድግዳው ላይ ነው። ከማሠልጠኛው ሁለት ተማሪዎች ለሚሠሩት ሞተር ካንዴላ እንድሠራላቸው ሆጤ ድረስ መጥተው ለምነውኛል፤ አንዷ ሴት ናት፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝም ስለ ካንዴላው ሳይሆን ስላንቺ ነው። ያ ስለ ፕላቲኒየም የነገረኝ አስተማሪም ከአሮጌ የምድጃ ሙቀት መለኪያ የወጣ የጣት ያህል ፕላቲኒየም ሽቦ ሰጥቶኛል። ገና አልጠመጠምኩትም። አያ ይመር አሞታል፤ ግን ቆሜ ልየው ብሎኛልና እስኪሻለው እየጠበቅሁት ነው።

ዘሀራዬ፣ ቀብርሽን አላህ ያስፋልሽ፣ ጀነት ይወፍቅሽ። ሐዘኔ አልቋል አልልሽም። ግን አሁን ያችን ክፍል ስከፍት ዘይት ለመቀባት ብቻ አይደለም። ደግሞ አንድ ነገር ልማልልሽ። ከዚህ ቤት በሚወጣው ካንዴላ ሁሉ ወገብ ላይ፣ ብረቱን በሹል ጫር አድርጌ አንዲት ፊደል እጽፋለሁ፤ «ዘ»። ለተማሪዎቹ በሠራኋቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ጽፌያለሁ። «ይህች ፊደል ምንድን ናት?» ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ ሥራዬን አቁሜ፣ ወንበር ስቤለት፣ ከመጀመሪያው እነግረዋለሁ። ዓይኔ መርፌ ማየት እንቢ ያለኝ ቀን በጣቴ እየዳሰስኩ እጽፋታለሁ።

ባልሽ ሰይድ
ደሴ፣ ሆጤ